«ብላ፣ ጉረስ» ከማለታችን በፊት

ረመዳን በገባ ቁጥር ከመግሪብ አዛን በፊት በየቤታችን የሚታየው ጉድ ጉድ የታወቀ ነው። ሾርባው ይሞቃል፣ ሳምቡሳው ይጠበሳል፣ ተምሩ በሳህን ይቀርባል፣ ጎረቤት ለጎረቤት ሳህን ይላላካል። በዚህ ማዕድ ዙሪያ ግን በብዙ ቤት አንድ ሰው አይታጣም። ቀኑን ሙሉ ጾሞ ውሎ ሁለት ሦስት ጊዜ እንደጎረሰ «በቃኝ» ይላል። ሆዱ ይነፋል፣ ያቅለሸልሸዋል፣ ሌሊት ላይ ደግሞ በማፍጠሪያ የበላውን እንዳለ ያስመልሰዋል። እኛም አይተን «ጨጓራ አለበት» ብለን እናልፈዋለን፤ አለበለዚያም «ገና ምን በላህና!» እያልን ሌላ ጉርሻ እናስከትላለን።

ይህ ጽሑፍ ስለዚያ ሰው ነው። የምንለውም ባጭሩ ይህ ነው፦ «ጨጓራ» ብለን የምንጠራው ሁሉ አንድ ሕመም አይደለም። ከእነዚህ ውስጥ አንዱ ጨጓራ የያዘውን ምግብ በጊዜው ወደ አንጀት ሳያወርድ መዘግየቱ ነው። ይህ ሕመም የሚብሰውም የሚቀለውም በአብዛኛው በማዕድ ላይ ነው፤ የረመዳን ማዕድ ደግሞ የአንድ ሰው ሳይሆን የቤተሰብ ነው። ስለዚህ ሕመሙን ማወቅ፣ ማዕዱን ማስተካከል፣ መጾም የማይችለውንም ሰው ያለ ኀፍረት ማሳረፍ የሁላችንም ሥራ ነው እንላለን።

ነገሩን ከከተማ ወጥተን ከጓሳ አካባቢ እንየው። ጓሳ በሰሜን ሸዋ፣ በመንዝ ደጋ ላይ ከባሕር ወለል በላይ ከ3 ሺህ 200 ሜትር ጀምሮ የሚገኝ፣ 100 ካሬ ኪሎ ሜትር ገደማ የሚሸፍን የሣር ምድር ነው። ብዙዎች የሚያውቁት በቀይ ቀበሮውና በጭላዳው ነው። ከደጋው ጫፍ በምሥራቅ በኩል ቁልቁል ሲወረድ ደግሞ እነ ኤፍራታና ግድም ይገኛሉ፤ በዚያ ቆላና ወይና ደጋ ብዙ ሙስሊም ቤተሰቦች ይኖራሉ። የደጋው ገብስና ባቄላ፣ የቆላው ማሽላና ጤፍ በገበያ ይገናኛሉ። ክርስቲያኑና ሙስሊሙም እንደዚሁ።

ጓሳን የመረጥንበት ምክንያት ግልጽ ነው። በዚያ አካባቢ የሚኖር ሰው ሌሊት ቢታመም ከደጃፉ አምቡላንስ አይጠብቀውም። ጤና ጣቢያ ለመድረስ በብርድና በጨለማ በእግር ወይም በበቅሎ መሄድ ያለበት ብዙ ነው። ከዚያም መሐል ሜዳ ሆስፒታል፣ ካልሆነም ደብረ ብርሃን፣ ከባሰም አዲስ አበባ ነው። ምግቡም ከምድሩ የሚገኘው ነው፤ ሐኪም «ይህን ግዛ፣ ያንን ግዛ» ቢለው የሚሸጥበት ሱቅ በቅርብ የለም። ስለዚህ እዚያ የሚሠራ ምክር የትም ይሠራል። እዚያ የማይሠራ ምክር ግን ለጥቂቶቻችን ብቻ የተነገረ ይሆናል።

መጀመሪያ ጨጓራ ምን እንደሚሠራ እንወቅ። ጨጓራ ምግብ ማጠራቀሚያ ከረጢት ብቻ አይደለም፤ ወፍጮም ነው። የላይኛው ክፍሉ ዘና ብሎ ምግቡን ይቀበላል። የታችኛው ክፍሉ ደግሞ እየተኮማተረ ምግቡን ከአሲድና ከኢንዛይም ጋር ያሻል፣ ይፈጫል። ምግቡ አንድ ወይም ሁለት ሚሊ ሜትር እስኪያህል ከደቀቀ በኋላ በጠባቡ በር በኩል ጥቂት በጥቂት ወደ ትንሹ አንጀት ይወርዳል። ውኃና ቀጭን ፈሳሽ ቶሎ ያልፋሉ። ጠጣር ምግብ ግን በጤነኛ ሰውም ቢሆን ለመውረድ አራት ሰዓት ገደማ ይፈልጋል። ቅባት የበዛበት ከሆነ ደግሞ ከዚያም ይዘገያል።

ይህን ሥራ ከሚያዝዙት ዋነኛው ከአንጎል ወርዶ ሆድ ዕቃ የሚደርሰው ቫገስ የተባለው ነርቭ ነው። ይህ ነርቭ ወይም በጨጓራ ግድግዳ ውስጥ ያሉት ነርቮችና ጡንቻዎች ሲጎዱ ወፍጮው ይደክማል። የውኃ ወፍጮ የሚያውቅ ሰው ነገሩን በቀላሉ ይረዳዋል። ወራጁ ውኃ ሲቀንስ ድንጋዩ ይዞራል፣ ግን ቀስ ብሎ ነው። ያን ጊዜ ባለወፍጮው እህሉን በአንድ ጊዜ ቢያፈስበት ይቆማል እንጂ አይፈጭም። የደከመ ጨጓራም እንደዚሁ ነው። ሐኪሞች ይህን ሕመም ጋስትሮፓሬሲስ ይሉታል፤ መንገዱን የዘጋ እብጠት ወይም ጠባሳ ሳይኖር ጨጓራው በራሱ ድካም ሲዘገይ ማለት ነው።

ምልክቶቹን ብዙዎቻችን እናውቃቸዋለን፤ ስማቸውን እንጂ። ጥቂት እንደበሉ መጥገብ፣ ከበሉ በኋላ ለብዙ ሰዓት ሆድ ተወጥሮ መቆየት፣ ማቅለሽለሽ፣ ከሰዓታት በፊት የተበላውን ሳይደቅ ማስመለስ፣ ከእምብርት በላይ ሕመም፣ ቀስ በቀስ መክሳት ናቸው። ከተራው የጨጓራ መቆጣት ወይም ቁስለት የሚለየው ዋናው ነገር ችግሩ ቃጠሎ ሳይሆን ምግቡ አልወርድ ማለቱ መሆኑ ነው። ነገር ግን በምልክት ብቻ ተነስቶ መወሰን አይቻልም። ሐኪም በመጀመሪያ በኢንዶስኮፒ አይቶ የዘጋ ነገር አለመኖሩን ያረጋግጣል። ከዚያም የሚበላ ምግብ ላይ ጥቂት ጨረራማ ንጥረ ነገር ጨምሮ በልዩ ካሜራ የሚከታተል ምርመራ አለ። ከአራት ሰዓት በኋላ ከምግቡ ከ10 በመቶ በላይ ጨጓራ ውስጥ ከቀረ መዘግየት አለ ይባላል። ይህ መሣሪያ በየሆስፒታሉ የሚገኝ አይደለም። ስለዚህ ሐኪሙ በብዛት የሚተማመነው ሕመምተኛውና ቤተሰቡ በሚነግሩት ታሪክ ላይ ነው። መቼ በላ? ምን በላ? ከስንት ሰዓት በኋላ አስመለሰ? ይህን በትክክል የሚናገር ቤተሰብ ግማሹን ምርመራ ይዞ ሄደ ማለት ነው።

ምክንያቱስ ምንድን ነው? ብዙ ጊዜ ምክንያቱ ሳይታወቅ ይቀራል። ከታወቁት መካከል ግን ዋናው ለረጅም ዓመታት የቆየ የስኳር ሕመም ነው። ከፍ ያለ ስኳር የእግርን ነርቭ እንደሚያደነዝዝ ሁሉ የጨጓራንም ነርቭ ይጎዳል። እ.ኤ.አ. በ1958 ፖል ካሳንደር የተባሉ ሐኪም ይህን የስኳር ሕመምተኞች ችግር ስም ሰጥተው ሲጽፉ አንድ ነገር አስተውለው ነበር፤ ጨጓራቸው ምግብ ይዞ የሚቆይ አንዳንድ ሕመምተኞች ምንም ሳይሰማቸው ይቀራል። በእነዚህ ሰዎች ላይ የሚታየው ምልክት ማስመለስ ሳይሆን ያለ ምክንያት ከፍ ዝቅ የሚል ስኳር ነው። ሌሎቹ ምክንያቶች የሆድ ቀዶ ሕክምና፣ አንዳንድ ኢንፌክሽኖች፣ እንደ ሞርፊንና ትራማዶል ያሉ የሕመም ማስታገሻዎች ናቸው። ዘመዶች ከውጭ አገር የሚልኳቸው እንደ ሴማግሉታይድ ያሉ የስኳርና የውፍረት መቀነሻ መርፌዎችም ጨጓራን ያዘገያሉ። በሌላ በኩል ሕመሙ ከወንዶች ይልቅ በሴቶች ላይ ይበዛል።

ይህን የመጨረሻውን ነጥብ እናስምርበት። በየቤታችን ማዕዱን የምታሰናዳው፣ ለሁሉም አቅርባ በመጨረሻ የምትቀመጠው ብዙውን ጊዜ እናት ናት። አባት ጥቂት በልቶ ቢነሳ ሁሉም ያያል። እናት ጥቂት በልታ ብትነሳ ግን «ስትሠራ ቀማምሳ ይሆናል»፣ «ለልጆቹ ብላ ነው» ይባላል። ጾም ላይ ሆና ልትቀምስ እንደማትችል እንኳ የሚያስብ የለም። ስለዚህ በዚህ ረመዳን ዓይናችን መጀመሪያ ወደ እሷ ይሁን። ስንት ጎረሰች? ከተራዊህ በኋላ ምን ሆነች? ካምናው ዘንድሮ ቀሚሷ ሰፋ ወይ?

ወደ ጾሙ እንምጣ። ብዙ ሰው «ጾም ለጨጓራ ዕረፍት ነው» ይላል። ለጤነኛ ሰው ይህ አባባል ስሕተት የለበትም። ለዘገየ ጨጓራ ግን አስቸጋሪው ቀኑ ሳይሆን ሌሊቱ ነው። በአገራችን ከመግሪብ እስከ ፈጅር ያለው ጊዜ ከአሥር ሰዓት ተኩል ብዙም አይበልጥም። በዚህ ጊዜ ውስጥ የቀኑ ምግብ ሁሉ ገብቶ ማለቅ አለበት። ምሽት አንድ ሰዓት ላይ በሳምቡሳ፣ በወጥና በእንጀራ የተሞላ የደከመ ጨጓራ፣ ሌሊት አሥር ሰዓት ላይ ለሱሑር ሲቀሰቀስ የመጀመሪያውን ገና አልጨረሰም። በላዩ ሌላ ይጨመርበታል። ከዚያም ሰውየው ይተኛል። ጠዋት የሚያስመልሰው በጾሙ ምክንያት ሳይሆን በሌሊቱ ክምር ምክንያት ነው። በሚያስመልሰው ልክም ውኃና ጨው ያጣል፤ እስከ መግሪብ ደግሞ የሚተካበት መንገድ የለም።

ሕመምተኛው የስኳር ሕመም ካለበት አደጋው እጥፍ ነው። የስኳር መድኃኒት የሚወሰደው ምግቡ ከጨጓራ ወርዶ ወደ ደም ይገባል ተብሎ በሚታሰብበት ሰዓት ነው። ኢንሱሊኑ ወይም እንደ ግሊቤንክላሚድ ያለው ክኒን በሰዓቱ መሥራት ይጀምራል፤ ምግቡ ግን ገና ጨጓራ ውስጥ ነው። ያን ጊዜ የደም ስኳር ይወርዳል። ሰውየው ተራዊህ ላይ ያልበዋል፣ ይንቀጠቀጣል፣ ነገር ይምታታበታል። ከሰዓታት በኋላ ምግቡ ሲወርድ ደግሞ የመድኃኒቱ ጉልበት አልፏልና ስኳሩ ሽቅብ ይወጣል። በአንድ ሌሊት ውስጥ ቁልቁልም ሽቅብም ማለት ነው።

ጨጓራ ባይዘገይም እንኳ የስኳር ሕመምተኛ ጾም ጥንቃቄ እንደሚፈልግ የሚያሳይ የታወቀ ጥናት አለ። እ.ኤ.አ. በ2001 በ13 አገሮች ከ12 ሺህ በላይ የስኳር ሕመም ያለባቸው ሙስሊሞችን ያካተተው ይህ ጥናት፣ ሆስፒታል የሚያስገባ የስኳር መውረድ በረመዳን ከሌላው ጊዜ ጋር ሲነጻጸር በአንደኛው ዓይነት ሕመምተኞች 4.7 እጥፍ፣ በሁለተኛው ዓይነት ደግሞ 7.5 እጥፍ መሆኑን አሳይቷል። በዚህ ላይ የዘገየ ጨጓራ ሲጨመር ምን እንደሚሆን መገመት አያቅትም።

ስለዚህ የስኳር ሕመምተኛ ባለበት ቤት ሁለት ነገር መታወቅ አለበት። አንደኛ፣ የደም ስኳር ከ70 ሚሊ ግራም በዴሲ ሊትር በታች ከወረደ ወይም ከ300 በላይ ከወጣ ጾሙ ወዲያውኑ መፍረስ አለበት፤ መግሪብ ሊደርስ አሥር ደቂቃ ቢቀረውም እንኳ። ሁለተኛ፣ ስኳሩ ለወረደበትና ጨጓራው ለሚዘገይ ሰው ዳቦ ወይም ተምር ማጉረስ ቶሎ አይደርስለትም። የሚሻለው ስኳር የተሟሟበት ውኃ ወይም ጣፋጭ ጭማቂ ነው፤ ፈሳሽ ቶሎ ያልፋልና። ራሱን ከሳተ ግን በአፉ ምንም ሳይሰጠው በፍጥነት ወደ ጤና ተቋም ይወሰድ።

እዚህ ላይ ስለ ጫት አለመናገር አይቻልም። በአንዳንድ አካባቢ የረመዳን ሌሊት ከጫት ጋር ይያያዛል። ሌሊቱን በዱዓ ለማንጋት ያነቃል የሚሉ አሉ። ክርክሩን ለሌላ ጊዜ እንተወውና ከጨጓራ አንጻር ብቻ እንየው። እ.ኤ.አ. በ1995 የታተመ አንድ ጥናት ጫት መቃም ምግብ ከጨጓራ የሚወርድበትን ጊዜ እንደሚያዘገይ አሳይቷል። ያቃመ ሰው ምግብ የሚያስጠላው ያለ ምክንያት አይደለም። ስለዚህ ጨጓራው የሚዘገይ ሰው ከማፍጠሪያ በኋላ ቢቅም በደከመ ወፍጮ ላይ ድንጋይ እንደመጫን ነው። ሱሑሩን ሳይበላ ያድራል፤ ወይም በልቶ አይወርድለትም። ሲጋራም ለዚህ ሕመም የሚበጅ ነገር የለውም።

አሁን ደግሞ ለብዙዎቻችን ከባዱ ወደሆነው ጉዳይ እንምጣ፤ ጾሙን ስለ መተው። በየመንደሩ ሕመሙን ደብቆ የሚጾም ሰው አለ። «ሰው ምን ይለኛል? ልጆቼ ጾመው እኔ ልብላ?» ይላል። ይህን ጥንካሬ ብለን የምናደንቅም አንጠፋም። ነገር ግን ፈቃዱን የሰጠው ሐኪም አይደለም፤ ጾሙን ያዘዘው አላህ (ሱ.ወ) ራሱ ነው። በሱረቱል በቀራህ 184ኛውና 185ኛው አንቀጾች ጾም በተደነገገበት በዚያው ቦታ ላይ ሕመምተኛና መንገደኛ በሌሎች ቀናት እንዲያወጡ፣ የማይችሉትም ምስኪን በማብላት ፊድያ እንዲሰጡ ተደንግጓል። ትእዛዙና ፈቃዱ አብረው የወረዱ ናቸው። አንዱን ይዞ ሌላውን መናቅ ትክክል ሊሆን አይችልም። የሚድን ሕመም ያለበት ሰው ሲሻለው ቀዳውን ያወጣል። ሕመሙ የማይለቅ ከሆነ ፊድያውን ይሰጣል። የትኛው እንደሚገባው የሚታመን ሐኪምና የአካባቢው ዓሊም ተነጋግረው ቢነግሩት ልቡ ያርፋል።

መርፌና ምርመራ ጾም ያፈርሳል ብለው የሚሰጉም አሉ። ከእስላማዊ ትብብር ድርጅት ጋር የተያያዘው ዓለም አቀፍ የፊቅህ አካዳሚ እ.ኤ.አ. በ1997 በጅዳ ባደረገው ጉባኤ ምግብነት የሌለው መርፌና ለምርመራ የሚወሰድ ደም ጾምን እንደማያፈርሱ ወስኗል። ስለዚህ የስኳር ሕመምተኛ በጾም ሰዓት ጣቱን ወግቶ ስኳሩን ቢለካ ጾሙን ጠበቀ እንጂ አላፈረሰም።

«ሐኪሞች ሁልጊዜ አትጹሙ ነው የሚሉት» የሚል ቅሬታም እንሰማለን። እውነት አለው፤ ቸኩሎ የሚከለክል ባለሙያ አለ። መልሱ ግን ሐኪም መሸሽ ሳይሆን ቀድሞ መጠየቅ ነው። በሻዕባን ወር «መጾም እፈልጋለሁ፤ እንዴት ላድርገው? መድኃኒቴስ ሰዓቱና መጠኑ እንዴት ይሁን?» ብሎ የሄደ ሰውና ረመዳን አጋማሽ ላይ በቃሬዛ የተወሰደ ሰው የሚያገኙት መልስ አንድ አይሆንም። መጠነኛ መዘግየት ያለበት፣ ስኳር የሌለበት፣ ክብደቱ ያልቀነሰ ሰው በማዕዱ ላይ ተጠንቅቆ ሊጾም ይችል ይሆናል። የሚያስመልሰው፣ እየከሳ የሚሄድ፣ ኢንሱሊን የሚወስድና ስኳሩ የሚዋዥቅ ሰው ግን ፈቃዱን ይቀበል።

ለሚጾመውም ለማይጾመውም ግን ማዕዱ መስተካከል አለበት። እዚህ ላይ ደስ የሚለው ነገር ሱናውና ሕክምናው የሚገናኙ መሆናቸው ነው። በተምርና በውኃ አፍጥሮ፣ መግሪብን ሰግዶ፣ ከዚያ ወደ ምግብ መመለስ ለዘገየ ጨጓራ የታዘዘ ይመስላል። ከሆድ አንድ ሦስተኛውን ለምግብ፣ አንድ ሦስተኛውን ለመጠጥ፣ አንድ ሦስተኛውን ለትንፋሽ መተው የሚያስተምረውን ሐዲስም ሁላችን እናውቀዋለን። በማፍጠሪያ ሰዓት ግን እንረሳዋለን።

በጓሳ ዙሪያ ባለ ቤት ይህ ምን ማለት እንደሆነ እንዘርዝረው። ለዘገየ ጨጓራ የሚከብዱት ጠጣር፣ ቅርፊት ያላቸው፣ ጭረት የበዛባቸውና ቅባታም ምግቦች ናቸው። የገብስ ቆሎ፣ የባቄላ ንፍሮ፣ ጥሬ ጎመንና ሰላጣ፣ የብርቱካን ገለፈት፣ ጮማ ሥጋ፣ በዘይት የተጠበሰ ሳምቡሳ፣ ቅቤ የዋኘበት ገንፎ ለዚህ ሰው አይሆኑም። ጭረቱ ሳይወርድ ተጠራቅሞ በጨጓራ ውስጥ እንደ ኳስ ሊድበለበልም ይችላል። የሚስማሙት ደግሞ በደንብ የደቀቁና የላሙ ናቸው። ያው ገብስ ሆኖ በወንፊት ያለፈ ዱቄቱ ቀጭን አጥሚት ወይም ሾርባ ሲሆን ይወርዳል። ቆሎው የማይሆንለት ሰው በሶ በጥቂቱ ሊስማማው ይችላል። ባቄላው ንፍሮ ሆኖ የከበደው ቀጭን ሽሮ ሆኖ ይቀለዋል። ተልጦ የተቀቀለና የተፈጨ ድንች፣ የላመ ሩዝ፣ የተቀቀለ እንቁላል፣ ቅባቱ የወጣለት አሬራ፣ ተልጦ የበሰለ ካሮት ሁሉም በገበያ የሚገኙ ናቸው። ምግቡን መቀየር ሳይሆን አፈጫጨቱንና አበሳሰሉን መቀየር ነው ዋናው። የስኳር ሕመም ላለበት ግን አጥሚቱና ሾርባው ስኳር ሳይገባበት፣ ተምሩም በቁጥር ይሁን፤ መጠኑን ከሐኪሙ ጋር ይወስን።

አከፋፈሉም እንደዚሁ ነው። ሁለት ትልልቅ ማዕድ ከመብላት አራት ትንንሽ ይሻላል። በአዛን አንድ ወይም ሁለት ተምርና ጥቂት ውኃ፣ ከመግሪብ ሶላት በኋላ አንድ ሲኒ ቀጭን ሾርባና ትንሽ የላመ ምግብ፣ ከተራዊህ በኋላ ሌላ ትንሽ፣ በሱሑር ደግሞ ወደ መጨረሻው ሰዓት አዘግይቶ አጥሚት ወይም ሌላ ፈሳሽነት ያለው ምግብ ይሁን። ውኃ ሌሊቱን ሙሉ በትንሽ በትንሹ ይጠጣ እንጂ በአንድ ጊዜ አይጋት። ጋዝ ያለው ለስላሳ ሆድ ይነፋልና ይቅር። በደንብ ማኘክ አይዘንጋ፤ ጨጓራ ሲደክም ጥርስ ይተካዋል። ከበሉ በኋላ ወዲያው መጋደም ክልክል ነው፤ ቢያንስ ሁለት ሰዓት ቀና ብሎ መቆየት፣ ዘና ባለ እርምጃ መራመድ ምግቡ እንዲወርድ ይረዳል። ወደ መስጂድ በእግር መሄድ እዚህ ላይ መድኃኒትም ነው። ከሱሑር በኋላም ወደ መኝታ ከመመለስ ፈጅርን ሰግዶ ጥቂት ቁጭ ማለት ይሻላል።

መድኃኒትን በተመለከተ ጎረቤት ለጎረቤት መዋዋስ ይቅር። ጨጓራን የሚያነቃቃ ሜቶክሎፕራሚድ የሚባል መድኃኒት አለ። ይጠቅማል። ነገር ግን ለረጅም ጊዜ ሲወሰድ የፊትና የምላስን ጡንቻ ያለ ፈቃድ የሚያንቀሳቅስ፣ ሊቀር የማይችልም ጉዳት ሊያስከትል ይችላል። በዚህም የተነሳ የአሜሪካ የምግብና መድኃኒት ተቆጣጣሪ መሥሪያ ቤት እ.ኤ.አ. በ2009 ጠንካራ ማስጠንቀቂያ እንዲጻፍበት አድርጓል፤ ከ12 ሳምንት በላይ መውሰድም አይመከርም። ዶምፔሪዶን የሚባለውም የልብን ምት ሊያዛባ ይችላል። ስለዚህ እነዚህ በሐኪም ትእዛዝ እንጂ በዘመድ ምክር የሚወሰዱ አይደሉም። ደም ወይም የቡና አተላ የመሰለ ነገር ያስመለሰው፣ ሰገራው እንደ ሬንጅ የጠቆረ፣ ለመዋጥ የተቸገረ፣ ውኃ እንኳ አልቆይለት ያለ፣ ሽንቱ የቀነሰ፣ ያለ ምክንያት የከሳ ሰው ደግሞ ነገ ሳይባል ወደ ሆስፒታል ይሂድ፤ እነዚህ ሌላ ከባድ ሕመም ሊያመለክቱ ይችላሉና።

ይህ ሁሉ በአንድ ቤት ብቻ የሚያልቅ አይደለም። ኢማሞቻችን ከረመዳን በፊት ባሉት ጁሙዓዎች ስለ ሕመምተኛ ፈቃድ በኹጥባቸው ቢያነሱ ብዙ ሰው ከመደበቅ ይድናል። ቤት ለቤት የሚዞሩት የጤና ኤክስቴንሽን ባለሙያዎች በሙስሊም ቤተሰቦች ዘንድ በሻዕባን ወር የስኳርና የጨጓራ ሕመምተኛ አለ ወይ ብለው ቢጠይቁ ቀድሞ ለመላክ ይመቻል። ጤና ጣቢያዎችም በረመዳን የስኳር መለኪያ ስትሪፕ እንዳያልቅባቸው ያስቡበት። የኢፍጣር ድግስ የሚያዘጋጁ ሀብታሞቻችን ደግሞ ከሳምቡሳው ጎን አንድ ድስት ቀጭን ሾርባ ያስቀምጡ፤ ወጪው ትንሽ ነው፣ አጅሩ ግን ብዙ ነው።

የጓሳ ሕዝብ ከሁላችን ቀድሞ አንድ ነገር አውቋል። ለቤት ክዳንና ለገመድ የሚሆነውን ሣሩን ቄሮ በሚባለው ሥርዓት ለአራት መቶ ዓመት ገደማ ጠብቆ ኖሯል። ሣሩ ለዓመታት ይዘጋል፣ በጊዜው ይከፈታል፣ ሲከፈትም በልክ ይታጨዳል። ሥርዓቱ እ.ኤ.አ. በ1975 ከመሬት አዋጁ ጋር ሲቋረጥ ሣሩ ተጎዳ፤ ኅብረተሰቡ መልሶ ሲይዘውም አገገመ። ያንን ሣር የጠበቀው አንድ ሰው አልነበረም፤ «ዛሬ በቃ» የሚለውን ቃል ሁሉም ያከብር ስለነበር ነው።

በማፍጠሪያ ማዕድ ላይም የምንጠይቀው ይህንኑ ነው። «በቃኝ» ያለን ሰው እንመነው። እናትም ትሁን አባት፣ አያትም ይሁኑ እንግዳ፣ ፍቅራችንን በጉርሻ ብዛት አንለካው። «እማዬ፣ ይቺን ብቻ» ከማለት «እማዬ፣ ከሰዓት በኋላ እንዴት ዋልሽ? ማታስ አስመለሰሽ?» ብንል ይሻላል። መጾም የሚችለው ቀለል ባለ ሆድ ይጹም፤ የማይችለውም አንገቱን ሳይደፋ ከእኛ ጋር ይቀመጥ፣ ፊድያውን ይስጥ፣ ዱዓውን ያድርግ። አላህ ጾማችንን ይቀበለን፣ ሕሙማኖቻችንን ያሽርልን። ረመዳን ከሪም።